ሰንጠረዡን ቁልቁል እናንብበው

(ይህ ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ አቃንቼ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ ጎንደሮች! እንደዚህ ነው እንጂ።

ከምሳ በኋላ ስለ ኬሚስትሪ ማውራት ለተናጋሪውም ለሰሚውም ቅጣት ነው። አባቶችና እናቶች፣ የእረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። ተማሪዎች፣ እናንተ ተገዳችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም እንኳን ደህና መጣችሁ። (ሳቅ)

ዛሬ የማወራው ከኋላዬ ስለተሰቀለው ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ አቶሚክ ቁጥር ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ምድብ ወይም እናንተ ግሩፕ የምትሉት ነገር ለኑሯችን ምን እንደሚያደርግ። ሦስተኛ፣ ቁጥሩና ምድቡ እንዴት እንደታረቁ። በመሐል ከመንገድ ከወጣሁ ታገሱኝ፤ መምህር ስባል ወሬ እወዳለሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ። የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች በቃሉ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። እዩልኝ! አዳራሹ በሙሉ። ወላጆች ሳይቀሩ። አሁን ሁለተኛ ጥያቄ። ፖታሲየም ለምንድን ነው ልክ ከሶዲየም ሥር የተቀመጠው?

እጆቹ የት ገቡ?

ችግራችን ይኸው ነው። እኔን ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሲያስተምሩኝ በዜማ ነበር። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም... እስከ ካልሲየም አንድ ትንፋሽ። እስካሁን አልጠፋኝም። ግን ያን ሁሉ ወደ ጎን ነው የምንሸመድደው። ይህ ሰንጠረዥ ደግሞ የተሠራው ቁልቁል እንዲነበብ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ቁልቁል እንዲነበብ ነው።

እዚህ ያለን ሁሉ በሕይወታችን መጀመሪያ የተማርነው ሰንጠረዥ የትኛው ነው? አዎ፣ የፊደል ገበታ። ወደ ጎን ስትሄዱ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ። ቁልቁል ስትወርዱስ? ሁ፣ ሉ፣ ሑ፣ ሙ። ፊደሉ ሌላ ሌላ ነው፤ ከንፈራችሁ ግን አንድ ዓይነት ነው የሚሞጠሞጠው። ሁሉም ካዕብ ናቸው። እንግዲህ ገበታው ላይ አንድ ሣጥን ብል ቢበላው፣ እዚያ የነበረውን ፊደል ታውቁታላችሁ ወይስ አታውቁትም? ታውቁታላችሁ! ረድፉ የ"መ" ነው፣ ዓምዱ ሣልስ ነው። "ሚ" ነዋ። አለቀ።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ያደረገው ይህንኑ ነው። ያኔ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። በክብደታቸው ደረደራቸው፤ ጠባያቸው የሚመሳሰለውን በአንድ ዓምድ አደረገ። ዓምዱ እንዳይበላሽበት ሲል አንዳንድ ሣጥን ባዶ ተወ። "እዚህ ቦታ አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ ገና አላገኛችሁትም" አለ። ድፍረቱ ይገርማል።

ከአሉሚኒየም ሥር አንድ ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን አንድ አዲስ ብረት አስተኔ ነገር አገኘ፤ ጋሊየም አለው። እፍጋቱን ለካና 4.7 ነው ብሎ አወጣ። ሜንዴሌቭ ከሩሲያ ሆኖ ደብዳቤ ጻፈ። "5.9 አካባቢ መሆን አለበት፤ ናሙናህን እንደገና አጥራው" አለው። ሰውየው አጠራው፣ ለካው። 5.9 ሆነ! ዕቃውን በእጁ የያዘውን ሰው፣ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው አረመው። በምን? ዓምዱን ቁልቁል በማንበብ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። አቶሚክ ቁጥር ምንድን ነው?

በአቶሙ እምብርት ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች ብዛት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ፕሮቶን ካለው ሃይድሮጅን ነው። ስድስት ካለው ካርቦን ነው፤ ከሰሉም፣ አልማዙም፣ የእርሳሳችሁ መጻፊያም ያው 6 ነው። 79 ካለው ወርቅ ነው። ከወርቅ ላይ አንድ ፕሮቶን ጨምሩ፤ 80 ይሆናል። 80 ምንድን ነው? ባዜቃ! በአንድ ፕሮቶን ልዩነት አንዱ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው መርዝ ነው። 82 ደግሞ እርሳስ ነው። ድሮ አልኬሚስቶች እርሳስን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ዕድሜያቸውን በእሳት ፊት ጨረሱ። እሳት ፕሮቶን አይነካም። የሚያሳዝነው እሱን የሚነግራቸው አልነበረም።

በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ኤሌክትሮን ይሄዳል ይመጣል። እምብርቱ ውስጥ ከፕሮቶን ጋር ያለው ኒውትሮንም ሊበዛ ሊያንስ ይችላል፤ ካርቦን 12 አለ፣ ካርቦን 14 አለ፤ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። ፕሮቶኑ ከተነካ ግን ማንነቱ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ ነው አንድን ቁጥር ሁለት ንጥረ ነገሮች የማይጋሩት። ዛሬ 118 ደርሰናል፤ የመጨረሻው ኦጋኔሰን ነው። ከአንድ እስከ 118 መሐል የተዘለለ የለም። ከእንግዲህ "በካርቦንና በናይትሮጅን መካከል አዲስ ንጥረ ነገር ተገኘ" የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። ስድስት ተኩል ፕሮቶን የለም። (ሳቅ)

ቁጥሩ እንግዲህ "ማን ነህ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። "ጠባይህ እንዴት ነው?" ለሚለው ግን መልሱ ዓምዱ ዘንድ ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥብ ገባን።

ዓምዶቹ፣ ማለትም ምድቦቹ፣ 18 ናቸው። እዚህ ላይ ወላጆችን ግራ የምታጋባ ነገር አለች። በድሮው መጽሐፍ "ግሩፕ ሰቨን ኤ" የተባለው፣ በአዲሱ አቆጣጠር 17 ነው። አይለወጥም፤ ያው ዓምድ ነው። ሌላም አለ። ክሎሪን አቶሚክ ቁጥሩ 17፣ ምድቡም 17 ነው። አርጎን ቁጥሩ 18፣ ምድቡም 18። ተማሪዎች ይህን አይተው "ሁለቱ አንድ ናቸው" ይላሉ። አይደሉም! ግጥምጥሞሽ ነው። ፍሎሪንን እዩ፤ ምድቡ 17 ነው፣ ቁጥሩ ግን 9።

በአንድ ምድብ ያሉት ለምን ይመሳሰላሉ? በውጭኛው ቅርፊት ያላቸው ኤሌክትሮን እኩል ስለሆነ። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን አለው፤ ሲደረደር ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ። ፖታሲየም 19 አለው፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አንድ። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንዲት ብቻ አለቻቸው፤ ሁለቱም እሷን ሰጥተው መገላገል ይፈልጋሉ። የቅድሙ ጥያቄ መልስ ይኸው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሶዲየም ሲቆረጥ አይቻለሁ። ላምባ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መምህራችን በመቆንጠጫ አወጡት፣ በተራ ቢላ ቆረጡት። የተቆረጠው ገጽ አበራ። ከዚያ ዓይናችን እያየ ደበዘዘ፤ አየሩ በላው። ምስር የምታህል ቁራጭ ውሃ ላይ ጣሉ። ድቡልቡል ሆና እየተንጫጫች በውሃው ላይ ሮጠች። ቀጥለው ፖታሲየም ጣሉ። እሱ ወዲያው ወይን ጠጅ መሳይ ነበልባል አወጣ። አንዱ ልጅ "በዚሁ ዓምድ ታች ያለው ሲዚየምስ ቢሆን?" አለ። መምህራችን "ሲዚየም ቢሆን አዲስ ብርጭቆ ትገዛልኝ ነበር" አሉ። ቁልቁል ስንወርድ ውጭኛዋ ኤሌክትሮን ከእምብርቱ እየራቀች ስለምትሄድ ለማምለጥ ይቀላታል። ሲዚየምን ውሃ ላይ ሳንጥለው ጠባዩን አወቅነው ማለት ነው።

አንዳንዱን ምድብ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ምድብ 2 ላይ ካልሲየም አለ፣ ቁጥር 20። የፋሲል ግቢ ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ካልሲየም ነው፤ አጥንታችሁም ካልሲየም ነው። ከእሱ ሥር ስትሮንቲየም አለ፣ 38። የኑክሌር ፍንዳታ ሬዲዮአክቲቭ የሆነ ስትሮንቲየም ይበትናል፤ ሰውነታችን ካልሲየም መስሎት አጥንት ውስጥ ያስገባዋል። አካላችን ራሱ ሰንጠረዡን ቁልቁል ነው የሚያነበው ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ለጉዳቱ።

ምድብ 11። መዳብ 29፣ ብር 47፣ ወርቅ 79። ሦስቱም ከመሬት ንጹሕ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፣ ሲቀጠቀጡ እሺ ይላሉ፣ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋሉ። የሰው ልጅ ኬሚስትሪ ሳይማር ሦስቱንም ለጌጥና ለገንዘብ መረጣቸው። እዚህ ከተማ አንድ አንጥረኛ ወዳጅ አለኝ፤ አሮጌ የማርትሬዛ ጠገራ ብር አቅልጦ መስቀል ይሠራል። አንድ ቀን ጠገራውን መዳፌ ላይ አስቀመጠና "ይሄ ንጹሕ ብር ይመስልሃል?" አለኝ። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ቀሪው ከሞላ ጎደል መዳብ ነው። ብር ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ከዚያው ዓምድ በላዩ ያለው መዳብ ተጨምሮበት ጠነከረ። ለአንጥረኛው ግሩፕ ኢለቨን ብትሉት አይገባውም፤ ጠባያቸውን ግን ከእኔ አብልጦ ያውቃል።

አሁን ወደምወደው ዓምድ ልምጣ። ምድብ 17። ሃሎጅኖች። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፤ ምክንያቱም ይህ ዓምድ የቤታችን ጉዳይ ነው።

ከላይ ፍሎሪን 9፤ ጋዝ። ክሎሪን 17፤ እሱም ጋዝ። ብሮሚን 35፤ ፈሳሽ። አዮዲን 53፤ ጠጣር። ቁልቁል ስትወርዱ ከጋዝ ወደ ጠጣር እየረጋ፣ ቁጣው እየበረደ ይሄዳል። ሁሉም አንድ ኤሌክትሮን ይጎድላቸዋል፤ ያቺን ከየትም ብለው ነው የሚወስዱት። ሶዲየም መስጠት ይፈልጋል፣ ክሎሪን መውሰድ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጨው ይሆናሉ። አንዱ ውሃ ላይ የሚንጫጫ፣ ሌላው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የፈጀ ጋዝ፤ ተያይዘው ሽሯችን ውስጥ ገቡ።

እናቶች፣ እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። ውሃ የምታክሙበትም ክሎሪን ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። በፍጹም! "ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ የበለጠ ያጸዳሉ" አይደለም። የታሰረው ክሎሪን ተፈትቶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል።

አክስቴ ዳባት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበራቸው። ነጠላቸውን ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ነው የማውቃቸው፤ በፀሐይም ቢሆን። ልጅ ሆኜ ጉያቸው ውስጥ ስገባ ጉንጬን የሚነካው እሱ ነበር። የሁሉም አክስት አንገት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚል ተረት ያለን ሰዎች እኮ ነን! እንቅርት ብርቅ በሆነበት አገር ይህ ተረት ይወለዳል?

ምክንያቱ ቁጥር 53 ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ ታይሮክሲን የሚባለው አንዱ ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶም ይፈልጋል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል። የጥቂት ጨው ቅንጣት ያህል ነገር ነው። ግን አዮዲን በባሕር ነው የሚበዛው። የእኛን ደጋ ዝናቡ ለዘመናት አጥቦታል፤ አፈሩ ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው። አፈሩ ከሌለው ገብሱ የለውም፤ ገብሱ ከሌለው ሰውየው የለውም። ዕጢው ያቺን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት ያ ነው። ከእብጠቱ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ የተደነገገው። ስለዚህ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን እዩ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት እንጂ ከቁሌቱ ጋር አታንተክትኩት።

አሁን በዚሁ ዓምድ ወደ ላይ እንውጣ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከወንጂ የመጣ የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግን ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ጥርሱ ቡናማ ነበር። አንዳንዱ "አይፍቅም" ብሎ ያማዋል። ጠዋት ጠዋት በመፋቂያ ከሁላችን በላይ የሚቆየው እሱ ነበር! በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ፣ ያው የቅድሙ ፍሎሪን፣ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ገና ሲሠራ ፍሎራይድ ከበዛበት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በኋላ ቢፍቁት አይለቅም።

አስተዋላችሁ? የአክስቴ አንገትና የጓደኛዬ ጥርስ አንድ ዓምድ ላይ ናቸው። ደጋው የዓምዱን ታችኛውን አጣ፣ ስምጥ ሸለቆው የላይኛውን ከመጠን በላይ አገኘ። እነዚህ ሁለት ታሪኮች ለምን በአንድ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አይነገሩም? መምህራን፣ እናንተን ነው የምጠይቀው። ቤተ ሙከራ የለንም እንላለን፤ እውነት ነው፣ የለንም። ጨው ግን በየቤቱ አለ።

ሦስተኛው ነጥብ። ይሄኛው የክርክር ታሪክ ነው።

ሜንዴሌቭ የደረደረው በክብደት ነው ብያችኋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ቴሉሪየም ክብደቱ 127.6 ነው። አዮዲን 126.9። በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም አለበት። ከቀደመ ደግሞ ከነክሎሪን ዓምድ ይወጣና ከእነ ድኝ ጋር ይቀመጣል፤ ጠባዩ ፈጽሞ አይሆንም። ሜንዴሌቭ ምን አደረገ? ጠባዩን አመነ። አዮዲንን ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር አስቀመጠው። "የቴሉሪየም ክብደት ሲለካ ተሳስተዋል" አለ። አልተሳሳቱም ነበር። ምክንያቱ ሐሰት፣ ቦታው ግን ልክ! እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሞት ለምን ልክ እንደሆነ አላወቀም።

ያወቀው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ንጥረ ነገሮችን በኤሌክትሮን እየመታ የሚያወጡትን ኤክስሬይ ለካ። የኤክስሬዩ ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ሩት፣ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ እያደገ ሲሄድ አገኘው። እርምጃው የሚከተለው ክብደቱን ሳይሆን የእምብርቱን ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹን ብዛት ነው። ተራ ቁጥር ይመስል የነበረው ነገር የሚለካ ነገር ሆኖ ተገኘ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ክርክሩ አለቀ። ከዚያም አልፎ "43፣ 61፣ 72 እና 75 ይጎድላሉ" ማለት ተቻለ። በኋላ ሁሉም ተገኙ፤ 72 ሃፍኒየም ሆነ፣ 61 ፕሮሜቲየም።

ሞዝሊ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዘመተ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ተመትቶ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 27 ያልሞላችሁ ብዙ ናችሁ።

ልጨርስ ነው፣ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ተማሪዎች፣ ደብተር አውጡ። አዎ፣ አሁን! የፊደል ገበታው ምሳሌ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፤ የፊደል ረድፍ ሁሉ ሰባት ሰባት ነው፣ የዚህኛው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ረድፍ 2 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32። አሁን ከሊቲየም ተነሱ። 3 ብላችሁ ጻፉ። 8 ስትደምሩ 11፤ ሶዲየም። 8 ስትደምሩ 19፤ ፖታሲየም። 18 ስትደምሩ 37፤ ሩቢዲየም። አሁንም 18፤ 55፣ ሲዚየም። 32 ስትደምሩ 87፤ ፍራንሲየም። ማንም አልሸመደደም፤ ደመራችሁ እንጂ።

ሌላ 32 ደምሩ። 119።

119 የለም። ማንም አላገኘውም። ጃፓን ውስጥ ሪኬን በሚባለው የምርምር ተቋም ያሉ ሰዎች አቶም ከአቶም እያጋጩ እየፈለጉት ነው። ቢገኝ ከፍራንሲየም ሥር፣ ምድብ 1 ላይ ነው ወንበሩ። ውጭኛው ቅርፊት ላይ ስንት ኤሌክትሮን ይኖረዋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? መስጠት ይወዳል ወይስ መውሰድ?

በቃ ማይኩን ለእናንተ ለቅቄያለሁ። እዚያ ከኋላ እጇን ያወጣችው ልጅ ትጀምር።